ዳዊትህ ውስጥ የደበቅኋት ካርድ

ግርማዬ፣

በነሐሴ ገብርኤል ሰባት ዓመት ሞላህ። ይህን የምጽፍልህ ጳጉሜ ሁለት፣ ዓርብ ቀን ነው፤ ዛሬ ሥራ የለኝም። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት። እሷ ስታልቅ ባገራችን አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመት ይገባል፤ የአትላንታ ሐበሻ ሁሉ አዳራሽ በመከራየት ተጠምዷል፣ እኔ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ካንተ ጋር ቁጭ ብያለሁ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። አንተ ባለህበት ትንፋሽ አያጥርም፣ ሦስት ትራስ ደራርቦ መተኛትም የለም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም፤ አንተም ሁልጊዜ ከሥራ ስትመጣ ጫማህን ሳታወልቅ «እሺ፣ ቤቱ እንዴት ዋለ» ነበር የምትለው። ከስኮትዴሉ አፓርትመንት ወጥተናል። ብዙ አልራቅንም፣ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። ትንሽ ቤት ናት፤ አንድም ደረጃ የላትም። ቤት የሚያሳየን ሰውዬ ፎቅ ያለው ካላሳየኋችሁ ብሎ ቢለምነኝም አሻፈረኝ አልኩት። ሳምሪ አፍራብኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ደረጃ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ አንተ ቆመህ የምታርፍበትን ይፈልጋል። ፈታትተህ የተውካት ራዲዮ እንደተፈታች በካርቶን አብራን ገብታለች። ብሎኖቿን በየመልኩ በሻይ ጣሳ ክዳን ለይተህ አስቀምጠህ የለ፣ እንደዚያው አሉ። እኔ ከሆቴሉ ወጥቼ አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሃይዌይ መንዳት ግን እስካሁን እፈራለሁ፤ በውስጥ ለውስጥ ነው የምሄደው። ይሄን ስትሰማ እንደምትስቅ አውቃለሁ።

ሳምሪያችን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ካውንቲው ጤና ቢሮ ተቀጠረች። ሥራዋ ምን መሰለህ፣ መዝገብ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው እንዳያቋርጥ፣ ክትባት የጀመረ ሕፃን እንዳይቀር፣ የሁሉም ስምና ቀን በኮምፒዩተር ተይዟል፤ የቀረ ሰው ሲኖር እሷ ትደውላለች፣ ካላነሳ ቤቱ ድረስ ሰው ይላካል። ይህን የነገረችኝ ቀን የታጠበ ልብስ እያጠፍኩ ነበር፤ ልብሱን ይዤ ቀረሁ። «ማሚ፣ ምን ሆንሽ» አለችኝ። ምንም አልኳት። አንተ ግን ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። የማልኩልህን መሐላ አፍርሻለሁ ግርማዬ። ላንተ ሳልነግርህ ለሌላ መንገሬ ስለከበደኝ ነው ይህን የምጽፈው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ላስረዳህ፤ ከዚያ በኋላ ፍረድ።

ሲስተር ጥሩወርቅን ትረሳለህ ብዬ አላስብም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ጤና ጣቢያው ተላላኪ ሆኜ ስገባ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ያን ትልቅ መዝገቧን መያዝ ነው። ለሌላ በሽታ ሌላ መዝገብ አለ፤ ያ ግን የልቦቹ ነበር። ዶክተሮቹ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት። በልጅነቱ ጉሮሮው ቆስሎ በደንብ ሳይታከም የቀረ፣ ከዚያ ጉልበቱንና ክርኑን እያዞረ ያሳበጠው፣ ሄዶ ሄዶ የልቡን በሮች ያበላሸበት ሰው ሁሉ እዚያ ተመዝግቧል። አንተም ከነሱ አንዱ። እናትህ ነፍሳቸውን ይማረውና ጉሮሮህን ባመመህ ጊዜ እንጥልህን አስቆርጠው በቃው ብለው ነበር፤ ማን አስተምሯቸው። ሲስተር የተበላሸውን ልብ መልሼ አልሠራም ትል ነበር፤ ሥራዋ የጉሮሮው ሕመም ተመልሶ እንዳይመጣና የቀረውን እንዳያበላሽ መጠበቅ ነው። ለዚያ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ አንድ ወፍራም ነጭ የፔኒሲሊን መርፌ። ከፍሪጅ ስታወጣው ብልቃጡን በሁለት መዳፏ መሀል እያንከባለለች ታሞቀዋለች፤ ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ግድግዳ ግድግዳ የሚያየው። ሕመሙን አንተ ነህ የምታውቀው።

በመዝገቡ ከእያንዳንዱ ስም ፊት አሥራ ሦስት ሳጥን በማስመሪያ ተሰምሯል። የመጣ ሰው ሳጥኑ ላይ በሰማያዊ ምልክት ይደረግበታል፣ የቀረ በቀይ እርሳስ ይሞላል። ቀይ የበዛበትን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጥራት የኔ ሥራ ነበር። ያንተ መስመር እንደ በርበሬ መደብ ነው የሚቀላው። ሲስተር ወረቀት ጽፋ ሰጥታኝ ራዲዮ መጠገኛ ቤትህ ስመጣ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ «ሚካኤል ገና ነው» አልከኝ። መርፌህን በወሩ ሚካኤል ቀጥረህ ይዘኸዋል ለካ። እየጎተትኩ ይዤህ ሄድኩ። ሲስተር ጥሩወርቅ ያንን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ፦

«ሚካኤል በሠላሳ ቀን ነው የሚመጣው። መድኃኒቱ በሃያ ስምንት ያልቃል። በነዚያ ሁለት ቀኖች ማን ሊጠብቅህ ነው?»

አንተ ደግሞ ዝም አትል። ራሱ ሚካኤል ነዋ ብለህ አሳቅኸን። ሲስተርም ሳቀች፣ ግን አልለቀቀችህም፤ ነሐሴ ላይ ጳጉሜም አለች፣ እሷ ስትጨመር ሚካኤል አንድ ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ነው የሚመጣው ብላ በጣቷ ቆጥራ አሳየችህ። ከዚያ አሥራ ሦስቱን ሳጥኖች አይተህ አሥራ ሦስት ወር መስለውህ «ለጳጉሜም መርፌ አለ እንዴ» ያልከው ነገር ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረት ሆኖ ነው የቀረው። እኔም ያንተን ቤት መንገድ ለመድኩት። ሲስተር መጨረሻ ላይ ገብቷት፣ ያላቀላኸውን ሐሙስም አንዳንዴ «እስቲ ሂጂና ጥሪው» ትለኝ ነበር። ከተጋባን በኋላ ያንተ መስመር አንድም ቀይ አልነበረበትም። ይህን እንድታስታውስልኝ እፈልጋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀይ።

ተሰደን ካርቱም የገባን ጊዜ እንኳ ያችን ሲስተር የመርፌህን ቀን የምትመዘግብባትን ቢጫ ካርድህን ይዘን ሄደን ቀኑን አላሳለፍንም። ካርዷ ላይ የተጻፈውን ያየ ሐኪም ቋንቋ ሳያስፈልገው ይወጋህ ነበር። ለአሜሪካ የሕክምና ምርመራ ስንጠራ ነው ነገሩ የተበላሸው። በሰፈሩ የሚወራውን አንተም ሰምተሃል፦ የልብ በሽተኛ አያስገቡም፣ አንዱ ሲገኝበት ቤተሰቡ በሙሉ ይሰረዛል። ማን አየ፣ ማን ተሰረዘ፣ ማንም አያውቅም፤ ግን ሁሉም ያወራል። አንተ ተናግረን የመጣውን እንቀበል ብለህ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ሳምሪ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ጥላ እንኳ በሌለበት ቦታ ነው ፊደል የምትቆጥረው። ካርዷን አጣጥፌ ዳዊትህ ማኅደር ውስጥ፣ ከቆዳውና ከመጽሐፉ መሀል ደበቅኳት። ዳዊት ማንም አይፈትሽም ብዬ። የቀረ ሰው ፈላጊዋ ብርቅነሽ፣ ያንተን ካርድ በገዛ እጄ ከሰው ዓይን አወጣሁ።

ሐኪሙ ሳንባህን አየ፣ ዓይንህን አየ፣ ፈረመ። አትላንታ ገባን።

እዚህ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተተካ። ያኔ የለብኝም ብለን አሁን አለብኝ ብንል ዋሽታችኋል ብለው ይመልሱናል። ትንሽ እንቆይ፣ ግሪን ካርዱ ይምጣ። መጣ። ዜግነቱ ይምጣ። አንተ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያው ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ስታደርግ ትውላለህ፣ ደህና ነህ፣ ወፍረሃል እንኳን። ሐሙስ ይመጣል፣ ሐሙስ ይሄዳል። እኔ ግን እቆጥር ነበር። ነግሬህ አላውቅም እንጂ፣ ሆቴል አልጋ እያነጠፍኩ አራት ሐሙስ በሞላ ቁጥር አንድ ቀይ ሳጥን ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ሳምሪ ጉሮሮዋን ታመመች። አንተም በዚያው ሳምንት። ይሄን ክፍል መጻፍ ይከብደኛል፣ ታግሰኝ።

ክሊኒክ ይዘናት ሄድን፤ አንተ እሳልባቸዋለሁ ብለህ መኪና ውስጥ ቀረህ። ዶክተሯ የሳምሪን ጉሮሮ በጥጥ ነካ አድርጋ መርምራ ስትሬፕ የሚሉት የጉሮሮ ቁስል ነው፣ የሚተላለፍ ነው አለችና ሮዝ ሽሮፕ አዘዘችላት። ከዚያ እየጻፈች ጠየቀችኝ፤ ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ? የልብ ችግር ያለበት ሰው አለ? ያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ ብዙ አልነበረም፣ ይህን ጥያቄ ግን በደንብ ነው የገባኝ። በመስኮቱ በኩል መኪናችን ይታያል። አንገትህን ወደ ኋላ ጥለህ ዓይንህን ጨፍነሃል።

የለም አልኳት።

ሳምሪ በሦስት ቀኗ ዳነች፣ ትምህርት ቤት ገባች። አንተ ሦስት ሳምንት ቆይተህ ጉልበትህ አበጠ። የቀረውን አብረን ነው ያየነው፤ ሆስፒታሉን፣ የደረትህን ቅድ፣ አዲሱን የልብህን ቫልቭ ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል። እንደ ሰዓት እያልክ ቀለድክበት። ራዲዮ ጠግኜ ኖሬ እኔም ተጠገንኩ አልክ። ተጨማሪ ዓመታት ሰጠን፣ ተመስገን፣ ሳምሪን ለአሥራ አምስት ዓመቷ አደረስካት። መጨረሻ ላይ ነው አስጠግተህ ያስማልከኝ። «ለሳምሪ እንዳትነግሪያት። ከኔ ጉሮሮ ነው የያዘው ብላ ትኖራለች። ለማንም አትንገሪ።» በሚካኤል ማልኩልህ። ዳዊቱን ከነማኅደሩ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት።

ሰባት ዓመት ጠበቅኩልህ ግርማዬ። አሁን የሆነውን ስማ።

የሰባት ዓመትህ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። የሊልበርኗ የሺ እንደልማዷ ወጥ ቤቱን ተቆጣጥራ ሁሉንም ታዛለች፤ አንተ ኮሎኔሏ ትላት አልነበር፣ ማዕረጉ አልተነሳባትም። የእህቷ ልጅ ምህረት ከመጣች አራት ወሯ ነው፤ ዲቪ ደርሷት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ትሪ ይዛ ሦስቷን የአዳራሹን ደረጃ ወጥታ በሩ ጋ ስትደርስ ትሪውን ወደ አንድ እጇ አዛወረችና በሌላው መቃኑን ይዛ ቆመች። ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው ፈገግ ብላ። ማንም አላየም። እኔ ያ ፈገግታ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ትንፋሽህን የምትሰበስብበት ፈገግታ ነው።

የሺን ዕቃ ስናጥብ ጠየቅኳት። አየሩ ነው፣ ገና አልለመደችም አለችኝ። የነሐሴው የአትላንታ ሙቀት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እውነት ነው። ጉልበቷንስ አሟት ያውቃል ወይ ስላት ሳህኑን አስቀመጠች። «ብርቅነሽ፣ የሰው ልጅ ላይ ስም አታውጪ። ነገ ባል የሚፈልጋት፣ ወረቀቷ ገና ያልጠና ልጅ ናት።» ከዚያ በኋላ የነካሁትን ሳህን ሁሉ ደግማ አጠበችብኝ።

ሦስት ቀን አሰብኩ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርቱምን፣ ክሊኒኩን፣ መሐላውን። እሳቸውም «ሰው ለማዳን ለሚፈርስ መሐላ ስግደቱን እኔ አዝዝልሻለሁ፣ ልጅቷን ግን አንቺ ድረሽላት» አሉኝ። ስግደቱን ጀምሬያለሁ። ጉልበቴ አንተን ይጠራል።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ሳምሪ ወደ ሊልበርን ነዳችልኝ። ለምን እንደምንሄድ አልነገርኳትም፤ የየሺን ድስት ለመመለስ ነው አልኳት። ድስቱንም ይዣለሁ። ዳዊትህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እዚያም እንደገባሁ አንዴ ከቆምኩ እንደምሸሽ ስለማውቅ ከተቀመጥኩበት ማኅደሩን ከፈትኩና ካርዷን አውጥቼ የየሺ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋት። ቢጫነቷ ሄዶ ገለባ መስላለች፤ ሰማያዊዎቹ ምልክቶች ግን አሉ። የሲስተር ጥሩወርቅ የእጅ ጽሑፍም አለ። ስምህን ጠራሁ። ግርማ በዚህ በሽታ ነው የሞተው፣ ይህን ካርድ የደበቅኩት እኔ ነኝ አልኩ። የዶክተሯን ጥያቄና የመለስኩትንም ተናገርኩ። ሳምሪ ከጎኔ ነበረች። ዓይኗን ለማየት አልደፈርኩም።

የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ የምታዘው ነገር አጣች። ምህረት ተነሥታ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ አስቀየምናት ብዬ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ የሠርግ ፎቶ አልበም ይዛለች፣ የእናቷን። ከአንዱ ፎቶ ጀርባ ጎተት አድርጋ አወጣች። ካርድ ነው። ነጭ፣ አዲስ። የመጨረሻው ምልክት ከመምጣቷ በፊት የተደረገ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም የለም። እናቷ ናት አሉ ፎቶው ጀርባ የለጠፈችው፤ ኤርፖርት ላይ ማንም የሠርግ ፎቶ አይፈትሽም ብላ። አየህ ግርማዬ፣ በመሀላችን ይህ ሁሉ ዓመት አለ፣ እኔና አንዲት የማላውቃት ሴት አንድ ነገር ነው ያሰብነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሳምሪ ሃይዌዩን ትታ በውስጥ ለውስጥ ወረደች፤ ለኔ ብላ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም። አንድ ነዳጅ ማደያ ጋ ገብታ ጥግ ላይ ፓርክ አደረገችና ሞተሩን አጠፋች።

«ማሚ፣ የልብ ሕመም አይከለክልም ነበር። የሚከለክለው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ብትናገሩም ትመጡ ነበር።»

ሥራዋ ነው፣ ታውቀዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ላይ ሌላ ድንጋይ ጫነችበት ብልህ አልዋሸሁህም። ካርድህ ብትታይ ኖሮ እዚሁ አገር ውስጥ በየአራት ሐሙሱ ትወጋ ነበር፣ ያ ሁሉ ነገር ለከንቱ ነበር። ወሬ ነው የበላን።

ከዚያ አንተ የፈራኸውን ጠየቀችኝ። «ያኔ ጉሮሮውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ?»

እሷ ማወቅ ትወዳለች፣ ብዋሻት ታገኘዋለች። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ «አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ ታመምሽ፣ ታከምሽ። ጥያቄውን የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። የመለስኩትም እኔ ነኝ።»

መሪውን እንደያዘች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አንድ ሰውዬ መኪናችሁ ተበላሽቶባችሁ ነው ወይ ብሎ መስኮቱን አንኳኳ፤ ሁለታችንም አይደለም፣ አመሰግናለሁ ስንለው ግራ ገብቶት ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ ሳቅን። እጄን ያዘችው። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አሁን አይደለም፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አለችኝ። ተገቢ ነው። አልተቆጣሁም። በማግስቱ ግን ከሥራ ስትወጣ ደውላ ለምህረት የልብ ሐኪም አፖይንትመንት እንደያዘችላት ነገረችኝ። ሲስተር ጥሩወርቅም እንዲህ ነበረች፣ እየተቆጣች ነው የምትሠራው።

እኔ የመሰለኝ ሳምሪ ቢሮ ለዚህ በሽታም መዝገብ ያለ ነው። የለም። በእነሱ ዘንድ ድሮ ብዙ ነበር፣ አሁን ግን እምብዛም ስለማይታይ ለሱ ብሎ ዝርዝር የሚይዝ የለም አለችኝ። ሐኪሙ መርፌውን ያዝዛል፣ ከዚያ ቀኑን ማስታወስ የበሽተኛው ፋንታ ነው። የበሽተኛው ፋንታ። ግርማ የሚባል ሰው ሚካኤል ገና ነው እያለ ሲጠብቅ የነበረውን ባየች።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ማስመሪያ ይዤ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት አሥራ ሦስት ሳጥን አሰመርኩ፤ እጄ አልረሳውም። ሳምሪ አይታ ኮምፒዩተር ላይ ላድርግልሽ አለች፤ ይሁን፣ አንቺም አድርጊ፣ ይሄ ግን በቦርሳዬ ይኖራል አልኳት። ስም ሲጻፍ ሰው እንዳይፈራ በክርስትና ስማቸው ነው የምጽፈው። የክርስትና ስምን ከቄሱና ከቤተሰብ በቀር ማን ያውቀዋል? ደብተሬን ብጥለው እንኳ ያገኘው ሰው የጸሎት ዝርዝር ነው የሚመስለው። ሳምሪ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አሰበችና «ይሄ እኮ ኮንፊደንሻል ነው» አለች፣ እንደመደነቅ ብላ። ምስጢር መጠበቅን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል ልላት ነበር፤ ተውኩት።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ጳጉሜ አንድ። ምህረትን እኔና የሺ ይዘናት ሄድን፤ ሳምሪም ከሥራ ወጥታ መጣች። ሐኪሙ በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ልቧን አይቷት ነበር፤ ተጎድቷል፣ ያንተን ያህል ግን አይደለም፣ መርፌው ካልተቋረጠ ተስፋ አላት አለ። መድኃኒቱ ክሊኒኩ ውስጥ ስላልነበረ አስመጥተውት ነው። ነርሷ ረጅም ጥቁር ሴትዮ ናት፣ ጸጥ ያለች። ከፍሪጁ አወጣችውና፣ ስማኝ ግርማዬ፣ በሁለት መዳፏ መሀል አድርጋ ታንከባልለው ጀመር። እንዲሁ ቆማ፣ ምህረትን ስለ ትምህርቷ እየጠየቀች። ማን አስተማራት? ሲስተር ጥሩወርቅን ከየት ታውቃታለች? እኔ ግድግዳውን አየሁ። የሺ ደግሞ ለነርሷ ቀስ አድርጊው፣ ቀስ አድርጊው እያለች ባማርኛ ታዛታለች፤ ነርሷም እሺ እሺ የምትል ትመስላለች። ምህረት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ስንወጣ እያነከሰች «እቴቴ ብርቄ፣ ጋሽ ግርማም እንዲህ ያማቸው ነበር?» አለችኝ። ይባስ ብሎ ይጮህ ነበር አልኳት። ስምህን ትንሽ አጠፋሁት፤ ልጅቷ ግን ሳቀች።

የሚቀጥለው መስከረም ሃያ ሦስት ላይ ይውላል። በሚካኤል አይደለም። አራት ሐሙስ ቆጥሬ ነው።

አሁን አንድ ፈቃድ ልጠይቅህ። ይህን ደብዳቤ ሳምሪ ተይባው በማኅበራችን መጽሔት እንዲወጣ እፈልጋለሁ። የሺና ምህረት ብዬ የጻፍኳቸው በእውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ አንተ ታውቃቸዋለህ፣ እነሱም ፈቅደዋል። ያንተና የኔ ስም ግን ይወጣል። በዚህ ከተማ ውስጥ በሌላ ዳዊት ማኅደር፣ በሌላ አልበም፣ ምናልባት በጫማ ገበር ውስጥ ሌላ ካርድ እንዳለ ልቤ ይነግረኛል። የያዘው ሰው ይሄን ካነበበ ከቅዳሴ በኋላ ወጥ ቤቱ በር ላይ ያግኘኝ። የክርስትና ስሙን ብቻ ይንገረኝ፣ ሌላ አልጠይቅም። ካርድ የጠፋበትም ይምጣ። ጉሮሮውን ታሞ ዝም ያለም ይምጣ።

ደብተሩ ላይ ለጊዜው ሁለት መስመር ነው የተጻፈው። ሁለተኛው የምህረት ነው፤ የመጀመሪያ ሳጥኗ ላይ ሰማያዊ ምልክት አድርጌያለሁ። የመጀመሪያው መስመር ያንተ ነው፣ ኃይለ ሚካኤል። አሥራ ሦስቱንም ሳጥንህን ባዶ ተውኳቸው። ቀይ እርሳስ ገዝቼ ነበር፤ ላንተ ግን አልተጠቀምኩበትም፣ ምክንያቱም አንተ አልቀረህም፣ እኔ ነኝ ሳልጠራህ የቀረሁት። ከእንግዲህ አራት ሐሙስ በሞላ ቁጥር ደብተሩን ስከፍት የማንንም ስም ከመጥራቴ በፊት ያንተን እጠራለሁ። ከዚያ መኪናዬን አስነሥቼ የቀረውን ሰው ልፈልግ እሄዳለሁ።

ብርቅነሽ